ወለቃ፦ "ወደ አገራቸው ሄዱ" የምንላቸው ሰዎች መንደር

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ከጎንደር ፒያሳ ተነስታችሁ የደባርቅን መንገድ ስትይዙ፣ ጎሃ ሆቴል የተቀመጠበትን ተራራ አልፋችሁ ብዙም ሳትርቁ ወለቃ ትደርሳላችሁ። በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ ነው። ትንሽ መንደር ናት። በመንገዱ ዳር ሸክላ የተደረደረባቸው ጎጆዎች አሉ፤ ግድግዳቸው ላይ የዳዊት ኮከብ ተስሏል። ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ አንበሶች፣ ወፎች፣ ኦሪት የያዙ ቄሶች ይሸጣሉ። መንደሯን እንግዶች የሚያውቋት "ፈላሻ መንደር" በሚለው ስም ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኮከብ ያለበትን የሸክላ አንበሳ የምትሸጥላችሁን ሴት አንገት ብታዩ፣ ማተብ አስራለች። ክርስቲያን ናት። ሸክላውን ከቀድሞዎቹ የመንደሩ ሰዎች የወረሰች ወይም ከእነሱ በኋላ የተማረች ናት። ባለቤቶቹ የሉም።

"የት ሄዱ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከአሥር ሰው ዘጠኙ የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው፦ "ወደ አገራቸው ሄዱ።"

እኔ ይህን መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም በደግነት ነው የሚባለው። ግን ሰው ስድስት መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ከኖረበት፣ ካረሰበት፣ ሙታኑን ከቀበረበት ቦታ ሲሄድ "ወደ አገሩ ሄደ" የሚባለው እንዴት ነው? ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች አንዲት ቃል ነው።

(በጽሑፉ ውስጥ "እ.ኤ.አ." ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

የርስቱ ጉዳይ

ቤተ እስራኤል ማለት እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። "ፈላሻ" እኛ ያወጣንላቸው ነው፤ እነሱ አይወዱትም። ቃሉ "ፈለሰ" ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። በአካባቢያችን የሚነገረው ትውፊት ነገሩን ከአፄ ይስሐቅ ያያይዘዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ይስሐቅ በወገራ ወግቶ ካሸነፋቸው በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይዞ እንዲቀመጥ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አልባ ፈላሲ እንዲሆን ፈረደ ይላል። የድሉ መታሰቢያ የሆነው ደብረ ይስሐቅ ኮሶጌ አጠገብ ነው፤ ከወለቃ ወደ ሰሜን በዚያው በደባርቅ መንገድ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እንደ ትውፊቱ ከሄድን፣ "ፈላሻ" የተባሉት ከሌላ አገር ፈልሰው ስለመጡ አይደለም። ርስት ስለተነፈጋቸው ነው። መጀመሪያ መሬቱ ተወሰደ፣ ቀጥሎ መሬት የለሽነታቸው ስማቸው ሆነ።

ይህ በአንድ ቀን አላለቀም። በሰሜን ተራሮች የራሳቸው ገዥዎችና የራሳቸው አምባዎች ነበሯቸው። አፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ሰሜን ድረስ ዘምቶባቸዋል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ አፄ ሱስንዮስ መሪያቸውን ጌዴዎንን ድል አድርጎ የነጻነታቸውን ዘመን ዘጋው። ከዚያ በኋላ የቤተ እስራኤል ሰው በክርስቲያን ባለርስት መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ወይም በእጁ ሥራ የሚያድር ሆነ።

ግንቡን ማን ሠራው?

ጎንደር በአፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ስትቆረቆር ከተማዋ አንድ ነገር በጣም ያስፈልጋት ነበር፦ እጅ። ድንጋይ የሚፈነቅል፣ የሚጠርብ፣ ኖራ የሚያቦካ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ።

ስለ ፋሲል ግንብ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ንድፉን ማን አመጣው በሚለው ነው። ፖርቱጋሎች ናቸው የሚል አለ፤ ግን ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያባረረው ራሱ ፋሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደርን የጎበኘው የየመን መልእክተኛ አል-ሐይሚ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ሠሪ ህንዳዊ መሆኑን ጽፏል። ይሁን። ግን አንድ ህንዳዊ ብቻውን ግንብ አያቆምም። ከሥር ሆነው ድንጋዩን ያነሱት፣ ጣሪያውን የገጠሙት፣ ምስማሩን የቀጠቀጡት ብዙ እጆች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ትልቁን ቦታ የያዙት ቤተ እስራኤል እንደነበሩ የራሳቸው ትውፊትም የታሪክ ተመራማሪዎችም ይስማሙበታል። በጎንደር ዘመን ግንበኞችና አናጺዎች ሆነው ለነገሥታቱ ሠርተዋል። ከአለቆቻቸው መካከል ማዕረግ ያገኙና መሬት የተሰጣቸውም ነበሩ። ማለት ጠፍቶባቸው የነበረው መሬት በእጅ ሥራ በኩል በትንሹ ተመልሶላቸው ነበር።

ግን እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ በሃይማኖት የማይመስሉት ከክርስቲያኑ ጋር ተቀላቅለው እንዳይኖሩ ወሰነ። ሙስሊሞቹ ወደ ዛሬው አዲስ ዓለም፣ ቤተ እስራኤሎቹም ወደ ራሳቸው ሰፈር ተለዩ። ጎንደር ውስጥ ካይላ ሜዳ የሚባል ቦታ ስሙን እስከ ዛሬ ይዟል፤ "ካይላ" ያኔ ለቤተ እስራኤል የሚሰጥ ስም ነበር። አስቡት፤ ግንቡን በቀን የሚሠራው ሰው ማታ በግንቡ አጠገብ ማደር አይችልም።

ዘመነ መሳፍንት እ.ኤ.አ. በ1769 ሲጀምር ደግሞ ግንብ የሚያሠራ ንጉሥ ጠፋ። ንጉሡ ራሱ በራሶች እጅ ያለ እስረኛ ሆነ። ግንበኛው ሥራ ሲያጣ ወደ ገጠር ተበተነ። ወንዱ ወናፍ ተከለ፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ መቀጥቀጥ ያዘ። ሴቷ ሸክላ ሠራች፤ ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ፣ እንስራ። በከተማዋ ዙሪያ እንደ ወለቃ ያሉ የእጅ ሠሪዎች መንደሮች በእንዲህ ያለ ኑሮ ታወቁ።

"ባለ እጅ"

እስቲ ይህን ቃል እንየው፦ ባለ እጅ። ቃል በቃል ካየነው እጅ ያለው፣ ባለሙያ ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ስድብ ነበር። ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ የሚሉት ሁሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ማታ ጅብ ይሆናል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፤ ልጅ ከታመመ ቀጥቃጩ በልቶት ነው። ይህ ተረት ብቻ አልነበረም። ሰው ተደብድቦበታል፣ ጎረቤት ተሳድዶበታል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሙሉ እንናገር። እነሱም ከእኛ ጋር አይበሉም ነበር። የኦሪትን የንጽሕና ሕግ አጥብቀው ስለሚጠብቁ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ከተነካኩ ሳይታጠቡ ወደ ቤታቸው አይገቡም ነበር። ጎረቤቶቻቸው "አትንኩኝ" ብለው ይጠሯቸው የነበረው ለዚህ ነው። መራራቁ ከሁለቱም ወገን ነበር። ልዩነቱ ግን የአንደኛው መራራቅ እምነት ነው፣ የሌላኛው ርስት ነው። አንዱ ታጥቦ ይገባል፤ ሌላው መሬት ይነሳል። እኩል አይደሉም።

ለዚህ ሁሉ የሚገርመው ገበሬው ያለ እነሱ አንድ ክረምት አያልፍም። የሚያርስበትን ማረሻ የሚቀጠቅጥለት ያ "ጅብ" ያለው ሰው ነው። እንጀራ የሚጋግርበትን ምጣድ የምትሠራለት ያቺ "ቡዳ" ያላት ሴት ናት። ሰርጉም ተዝካሩም ጠላ የሚጠመቅበት ጋን ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው።

ነገሩ የጎንደር ብቻም አልነበረም። በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችም በዚሁ ስም ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ እጁን የሚሰድብ አገር ጠመንጃውንም ማረሻውንም ከባሕር ማዶ እየለመነ እንደሚኖር ገብቷቸዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ቀረ።

ኢየሩሳሌም

ታዲያ "ወደ አገራቸው" የሚለው ውሸት ነው? አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው።

ቤተ እስራኤል በጸሎታቸው ሁሉ ኢየሩሳሌምን ይናፍቁ ነበር። በየዓመቱ ስግድ በሚባለው በዓል ጾመው ተራራ ይወጣሉ፤ ኦሪት ይነበባል፣ ይሰግዳሉ፣ ከዚያ ወርደው ይበላሉ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማሃሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው ቀይ ባሕር ተከፍሎልን እንሻገራለን ብለው በእግር ተነስተዋል። ትግራይ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፤ የተረፉት ተመለሱ።

ያን ጊዜ ቴዎድሮስ በሥልጣን ላይ ነበሩ፤ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ከቤተ እስራኤል መንደሮች መካከል ገብተው ይሰብኩ ነበር። አንድ ሕዝብ በእግሩ ወደማያውቀው አገር የሚነሳው ከላይ ተስፋ ሲጠራው ብቻ አይደለም፤ ከታች መሬቱ ሲያቃጥለውም ነው።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ሰውም በረሃብ ረገፈ፤ ድርቡሾች ጎንደርን ያቃጠሉትም በዚያው ዘመን ነው። ክፉ ቀን ማንንም አልማረም፤ ግን መሬትም ጎተራም የሌለው ከሁሉ ቀድሞ ይሞታል። ከቤተ እስራኤል መንደሮች ብዙዎቹ ያን ጊዜ ባዶ ቀሩ።

መሬቱ ሲመጣ ሰዉ ሄደ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ብዙ ነገር ብንቆጥርበትም ይህ አዋጅ ለቤተ እስራኤል ትልቅ ቀን ነበር። ከአፄ ይስሐቅ ፍርድ ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ "የማን ልጅ ነህ? ተጠምቀሃል?" ሳይባሉ የእርሻ መሬት የማግኘት መብት አገኙ። በየቦታው የቀድሞ ባለርስቶችና ጎረቤቶች ቢቃወሙም ሕጉ ሕግ ነበር።

ግን ዘግይቶ ነበር የመጣው። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1975 እስራኤል ቤተ እስራኤልን ወደ አገሪቱ የመግባት መብት እንዳላቸው አይሁዶች ተቀበለች። አንዱ በር ሲከፈት ሌላውም ተከፈተ። ከዚያ ቀይ ሽብሩ፣ በጎንደር የነበረው ጦርነት፣ አፈሳው፣ በመጨረሻም የ1977ቱ ረሃብ ሲደራረብ፣ ሰው በሌሊት ወጥቶ ወደ ሱዳን በእግሩ መንጎድ ጀመረ። በመንገድና በሱዳን የስደተኛ ካምፖች ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። "ዘመቻ ሙሴ" በሚባለው ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ድረስ 8 ሺህ ገደማ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ። ወሬው በዓለም ዜና ሲወጣ ቆመ፤ ባል እዚያ፣ ሚስት እዚህ ቀረች።

ቀሪው በ1982 እና በ1983 ከጎንደር ገጠሮች ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጓጓዘ። ወንበራቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች እየተመላለሱ፣ አንዱ ጃምቦ ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ጭኖ።

ወለቃም ባዶ ቀረች። እሳት ያልነካው ሸክላ፣ የቀዘቀዘ ወናፍ፣ የተዘጋ ጸሎት ቤት፣ መቃብር። ጎረቤት ቤቶቹን ገዛ፤ ከጎረቤቶቹም ሸክላውን የቀጠሉ አሉ። የፈረንጅ ቱሪስት "ፈላሻ መንደር" እያለ መምጣቱን ስላላቆመ ኮከቡም በግድግዳው ላይ ቀረ።

እዚያስ?

ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። "ወደ አገራቸው" ገብተው ምን ተባሉ? "ኢትዮጵያውያን" ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደኖረ ሲሰማ በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ከዚያ በኋላም ስለ ቆዳ ቀለማቸውና ስለ ፖሊስ ዱላ ደጋግመው ሰልፍ ወጥተዋል። እዚህ "እናንተ የዚያ ናችሁ" ተባሉ፤ እዚያ "እናንተ የዚህ ናችሁ" ተባሉ። ስግድ በእስራኤል ፓርላማ ሕግ የአገር በዓል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዚያ ቀን በኢየሩሳሌም የሚሰማው ጸሎት በግዕዝ ነው፤ ከጸሎት በኋላ የሚሰማው ወሬ ደግሞ ብዙው በጎንደር አማርኛ። እኛ ጥለናቸው ሳለ ቋንቋችንን ይዘው ሄዱ።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ሆላንድን እንይ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሆላንድ ወደ 140 ሺህ አይሁዶች ነበሩ። በትንንሽ የገጠር መንደሮች ሳይቀር ምኩራብ ነበራቸው። ናዚዎች ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ገደሉ። የእኛና የእነሱ ታሪክ አንድ አይደለም፤ እዚያ እልቂት ነው፣ እዚህ ስደት። ግን ሁለቱም ጋ አንድ ጥያቄ አለ፦ ሰዎቹ የሌሉበት መንደር ምን ያደርጋል?

እነሱ ስም ይጽፋሉ። በመንደሮቻቸው ጎዳና ላይ ሰዎቹ ይኖሩበት በነበረው ቤት ደጃፍ ትንንሽ የናስ ድንጋዮች ተቀብረዋል፤ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የተወሰዱበት ቀን። አምስተርዳም ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 የተመረቀው መታሰቢያ ከ102 ሺህ በላይ ስሞችን በጡብ ላይ ይዟል፤ እያንዳንዱ ጡብ አንድ ሰው። ይህን ለማድረግ ሰማንያ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል፤ ያለ ክርክርም አልሆነም።

በወለቃ ያየሁት ግን ኮከብ ነው፤ ስም አላየሁም። የሚሸጠው ቅርስ እንጂ ታሪክ አይደለም። ይህ ቤት የማን ነበር? በዚህ ወናፍ ላይ ማን ይቀጠቅጥ ነበር? በዚህ ጸሎት ቤት የመጨረሻው ቄስ ማን ነበሩ? እነዚህን የሚያውቁ አዛውንት ዛሬም በመንደሩ ዙሪያ አሉ፤ በእስራኤልም አሉ። በሁለቱም ወገን ግን እያለቁ ነው።

ምን ይሁን?

ሀውልት አልጠይቅም። ሦስት ቀላል ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛ፣ ስም። የአካባቢው ወጣቶች፣ የታሪክ ተማሪዎች፣ በስልክ ድምፅ እየቀዱ የአዛውንቱን ትዝታ ይሰብስቡ። በየቤቱ የነበረውን ሰው ስም ይጻፉ። በእስራኤል ያሉ ልጆቻቸው ወላጆቻቸውን ይጠይቁ። ኢንተርኔት ባለበት ዘመን ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ ዛሬ በመንደሯ ያለችው ሸክላ ሠሪ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ጦርነት የቱሪስት እግር ጠፍቷል፤ እሷም ገበያዋን አጥታለች። እኛ የጎንደር ሰዎች ምጣዱንና ጀበናውን ከእሷ ብንገዛ፣ ልጅ ሲመረቅ የሸክላ አንበሳ ብንሰጥ፣ ምን ይጎድለናል? ደግሞ ጥያቄ አለኝ፦ የእሷን ልጅ ለልጅህ ትድራለህ? ሸክላ ሠሪነት ክርስቲያን ሲይዘው ስድቡ ከሥራው ጋር ይሻገራል ወይስ ይቀራል? መልሱን እያንዳንዳችን በቤታችን እናውቀዋለን።

ሦስተኛ፣ ቃሉ። "ወደ አገራቸው ሄዱ" የሚለውን እንተው። ሁለት አገር ነበራቸው። አንዱን በጸሎት፣ አንዱን በእጃቸው የሠሩት። በእጃቸው የሠሩት ይኸው ፊታችን ነው፤ ፋሲል ግንብ በየጥምቀቱ የምንኮራበት ነው። የሄዱት ወደ አንዱ አገራቸው ነው፤ የተውትም አገራቸውን ነው።

ለምን አሁን ይህን አነሳሁ? ዙሪያችንን እዩ። ዛሬም በየክልሉ ጎረቤት ለጎረቤቱ "መጤ" ይላል፤ "ወደ አገርህ ሂድ" ይላል። አማራው ራሱ ከሌላ ቦታ ሲፈናቀል ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚያቆስል አይቷል። ቃሉ የተጀመረው ትናንት እንዳልሆነ ወለቃ ምስክር ናት። አንድን ሰው ርስት ከልክለህ፣ ስም አውጥተህ፣ ለብቻው አስፍረህ፣ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ሲሄድ "አገሩ ነው" ማለት ቀላል ነው። ከባዱ ሳይሄድ "አገርህ ነው" ማለት ነው።

ጎንደር ውስጥ ዛሬም ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ የሚጠብቁ፣ ዓመታት ያስቆጠሩ ቤተሰቦች አሉ። ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቢሄዱ መልካም መንገድ ይሁንላቸው። እስከዚያው ግን ቡና ስታፈሉ ጥሯቸው።

ወለቃን በልጅነታችሁ የምታውቋት፣ ወይም ወላጆቻችሁ የሚያውቋት ካላችሁ፣ በአስተያየት መስጫው ሥር ጻፉልን። ስም ጻፉ።

ቸር ይግጠመን።